የፕሬሱ ሰዓት፦ በብረታ ብረት ምርት መስመር ላይ ማነቆን ስለ ማግኘትና ስለ መፍታት

ከላሜራ የመኪና በር፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ድስት ወይም የመስኮት ፍሬም የሚያወጣ ፋብሪካ ሥራውን የሚያከናውነው ተራ በተራ በሚቀባበሉ ብዙ ማሽኖች ሲሆን፣ አንዱ ላሜራውን ይቆርጣል፣ ሌላው በከባድ ኃይል ተጭኖ ቅርጽ ያስይዘዋል፣ ሌላው ጠርዙን ያጥፈዋል፣ ከዚያም ብየዳውና ቀለም ቅቡ ይከተላሉ። ይህ ቅብብል የምርት መስመር ይባላል። የመስመሩ አቅም የሚወሰነው ከሁሉም በዘገየው በአንዱ ጣቢያ እንጂ በማሽኖቹ ድምር ጉልበት አይደለም፤ ያ ጣቢያ ማነቆ የተባለውም የሌሎቹን ሁሉ ትንፋሽ የሚይዝ እሱ በመሆኑ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በሰዓት 120 ቁራጭ የሚያወጣ መቁረጫ፣ 45 የሚጫን ፕሬስ፣ 90 የሚያጥፍ ማጠፊያና 70 የሚበይድ ክፍል በአንድ መስመር ላይ ቢሰለፉ፣ ከመስመሩ ጫፍ በሰዓት ከ45 በላይ ዕቃ ሊወጣ አይችልም። መቁረጫው በፍጥነት ቢሠራ የሚያተርፈው በፕሬሱ ፊት የሚከመር ላሜራ ብቻ ሲሆን፣ ማጠፊያውና ብየዳው ደግሞ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆኑ የቀኑን እኩሌታ ወይም ሢሶ ያህል እጃቸውን አጣጥፈው ይውላሉ። ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ብዙ የፋብሪካ ኃላፊዎችን ያስደነግጣል፤ በፕሬሱ ላይ የባከነ አንድ ሰዓት ከመላው ፋብሪካ የባከነ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ በመቁረጫው ላይ የባከነ አንድ ሰዓት ግን በፕሬሱ ፊት ተጠራቅሞ የሚጠብቅ ቁራጭ እስካለ ድረስ ምንም አያጎድልም። ይህን አስተሳሰብ ከምህንድስና ክፍሎች አውጥቶ ለሰፊው አንባቢ ያደረሰው እስራኤላዊው የፊዚክስ ምሁር ኤሊያሁ ጎልድራት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጄፍ ኮክስ ጋር ያሳተመው «ዘ ጎል» የተባለ ልብ ወለድ ታሪኩን የሚያስኬደው በአንድ የብረት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ በዚያ ፋብሪካ ከተገኙት ሁለት ማነቆዎች አንዱም ብረትን በሙቀት የሚያክም ምድጃ ነበር።

ማነቆን ለማግኘት የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይን ነው። ያላለቀ ዕቃ ተቆልሎ የሚታየው ከማነቆው በፊት ሲሆን፣ ሥራ አጥቶ የሚቆመው ሠራተኛ ደግሞ ከማነቆው በኋላ ያለው ነው። ክምሩ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠውና በስሙ የሚጠራው ሕግ እንደሚያስረዳው፣ አንድ ዕቃ በመስመሩ ውስጥ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ በመስመሩ ውስጥ ያለው ዕቃ ብዛት በሰዓት ለሚወጣው ምርት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ 900 ቁራጭ በየቦታው ተከማችቶ በሰዓት 45 የሚወጣ ከሆነ፣ ዛሬ የተቆረጠ ላሜራ መስመሩን ጨርሶ ለመውጣት 20 የሥራ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ እጅ የሚነካው ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ዓይን ብቻውን ያሳስታል። ክምሩ የተፈጠረው መቁረጫው የአንድ ወር ቁራጭ በአንድ ጊዜ ስላወጣ፣ ወይም ትናንት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ከዓይን ቀጥሎ ሰዓት ያስፈልጋል። ማሽኑ በእውነት ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ሰዓት ቆመ፣ የቆመውስ ለምን ነው የሚለው ለበርካታ ፈረቃዎች ሳይሰለቹ ሊመዘገብ ይገባል። የማሽኑ አምራች በሰሌዳ ላይ የጻፈው አቅምና ማሽኑ በፈረቃ መጨረሻ ያስረከበው ዕቃ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ የማነቆው ምሥጢር የሚገኘውም በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው።

ብረት ቅርጽ በሚያስይዙ ፋብሪካዎች ይህ ልዩነት ከሁሉ አብዝቶ የሚሰፋው በፕሬሱ ላይ ነው። ፕሬስ ራሱ ቅርጽ የለውም፤ ቅርጹን የሚሰጠው ዳይ የሚባለው ጥንድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ሲሆን፣ የላይኛው ግማሽ ከሚወርደው ክንድ ጋር፣ የታችኛው ግማሽ ደግሞ ከማሽኑ ጠረጴዛ ጋር በቡሎን ይታሰራል። የሚሠራው ዕቃ በተለወጠ ቁጥር ዳዩ መውለቅ፣ ሌላው መግባት፣ ከፍታው መስተካከል፣ በሙከራም መረጋገጥ ስላለበት፣ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ከባዱ ማሽን ቆሞ ይጠብቃል።

የዚህን ጉዳይ ታሪክ የለወጠው ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዎ ሺንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በሂሮሺማ በሚገኘው የቶዮ ኮግዮ፣ ማለትም የማዝዳ መኪና አምራች፣ ፋብሪካ ውስጥ ባለ 350፣ ባለ 750 እና ባለ 800 ቶን የሆኑ ሦስት የመኪና አካል ፕሬሶች የምርቱ ማነቆ ሆነው ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ ሠራተኞቹ የሚችሉትን ሁሉ እያደረጉ ስለ ሆነ ከዚህ በኋላ ያለው መፍትሔ ተጨማሪ ፕሬስ መግዛት ብቻ ነው የሚል እምነት ነበረው፤ ሺንጎ ግን ከግዢው በፊት ለአንድ ሳምንት በሰዓት እየለካ እንዲያጠና ፈቃድ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን በባለ 800 ቶኑ ፕሬስ ላይ ዳይ ሲቀየር አንድ ማሰሪያ ቡሎን ጠፋ። የጠፋውን ፍለጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ሠራተኛው ከጎረቤቱ ማሽን ረዘም ያለ ቡሎን አምጥቶ፣ ቆርጦና ጥርስ አውጥቶለት ዳዩን አሰረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፕሬሱ ቆሞ ነበር፤ ቡሎኑ የተወሰደበት ማሽንም ተራው ሲደርስ በዚያው ችግር መያዙ የማይቀር ነበር።

ሺንጎ በዚህ ቀን ሁለት ዓይነት ሥራ መኖሩን ለየ። አንደኛው ማሽኑ ካልቆመ በቀር ሊሠራ የማይችል ነው፤ ዳዩን ማውለቅና ማስገባት የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ማሽኑ እየሠራ ሳለ በጎን ሊከናወን የሚችል ነው፤ ቡሎን ማዘጋጀት፣ ቁልፉን ማቅረብ፣ ቀጣዩን ዳይ ከመጋዘን አምጥቶ ፕሬሱ አጠገብ ማስቀመጥ የዚህኛው ወገን ናቸው። በዚያ ፋብሪካ የተደረገው ማስተካከያ በዋናነት ቡሎኖችን በየዳያቸው ለይቶ በሳጥን ማስቀመጥ ሲሆን፣ የፕሬሶቹ ቅልጥፍና በ50 በመቶ ገደማ ጨምሮ ማነቆው ተፈታ። ታላቅ የሚባል ገንዘብ ሊወጣበት የነበረ ችግር በሳጥን መፈታቱ ለማመን የሚያስቸግር ቢመስልም፣ ሲታይ የኖረ ነገር ካልተለካ በቀር እንደማይታይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

የዚህ አሠራር ሙሉ ፍሬ የታየው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቶዮታ ዋና ፋብሪካ የባለ 1,000 ቶን ፕሬስ ዳይ ለመቀየር 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ የጀርመኑ ፎልክስቫገን ተመሳሳዩን ሥራ በ2 ሰዓት ይጨርስ ስለ ነበር ቶዮታ ሺንጎን ጠራ፤ በስድስት ወር ውስጥም ጊዜው ወደ 90 ደቂቃ ወረደ። ከዚያ በኋላ አመራሩ ከ3 ደቂቃ በታች እንዲሆን አዘዘ። ጥያቄው የማይቻል ቢመስልም፣ ማሽኑ ቆሞ የሚሠራውን ሥራ ማሽኑ እየሄደ ወደሚሠራ ሥራ በመለወጥ በሦስት ወር ውስጥ ግቡ ላይ ተደረሰ።

ሰዓታት ወደ ደቂቃዎች የሚወርዱበት መንገድ ሠራተኛውን ማጣደፍ እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል። ሺንጎ እንደ መዘገበው፣ በቀድሞው አሠራር ዳዩን ማውለቅና ማስገባት የሚወስደው ከጠቅላላው የቅያሪ ጊዜ 5 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ 30 በመቶው በዝግጅት፣ 15 በመቶው መሐሉን በማግኘትና በመለካት፣ 50 በመቶው ደግሞ በሙከራና በማስተካከል ያልቅ ነበር። የዳዮቹ ቁመት ስለሚለያይ ሠራተኛው በተቀየረ ቁጥር የፕሬሱን ከፍታ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ እየሞከረም ላሜራ ሲያበላሽ ይቆያል፤ አጭሩ ዳይ ሥር በልኩ የተሠራ የብረት ንጣፍ በቋሚነት ተበይዶ ቁመቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሲደረግ ግን ማስተካከል የሚባለው ሥራ ከነጭራሹ ይቀራል። በቡሎንም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ 15 ጥርስ ያለው ቡሎን 15 ጊዜ ቢዞርም በእውነት የሚያጠብቀው የመጨረሻው ዙር፣ የሚያላላውም የመጀመሪያው ዙር ብቻ ስለሆነ፣ የቀሩት 14 ዙሮች የማሽኑን ጊዜ የሚበሉ ድካሞች ናቸው። በአንድ ዙር የሚይዝ ማሰሪያ በአብዛኛው ፋብሪካው በራሱ ወርክሾፕ ሊያዘጋጀው የሚችል ነገር ነው።

ቅያሪው ሲያጥር የሚለወጠው የፕሬሱ ሰዓት ብቻ አይደለም። ፕሬሱ በደቂቃ 10 ዕቃ የሚጫን፣ ዳይ መቀየሩም 4 ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን፣ 1,000 ዕቃ ብቻ ሠርቶ ዳይ የሚቀይር ፋብሪካ ለአንዱ ዕቃ 20 ሰኮንድ ያህል ያወጣል፤ 10,000 ቢሠራ ግን ወደ 7 ሰኮንድ ተኩል ስለሚወርድለት፣ ኃላፊው ገዢ ያልጠየቀውን ዕቃ ጭምር በገፍ መሥራቱ የሚያስተቸው አይሆንም። ቅያሪው 3 ደቂቃ ሲሆን ግን 1,000 ዕቃ ብቻ የሚሠራው ፋብሪካ ለአንዱ የሚያወጣው 6 ሰኮንድ ያህል ነው። ትንሽ በትንሽ መሥራት ከቀድሞው የገፍ ሥራ ይልቅ ሲረክስ፣ መጋዘኑን የሞላው ክምር ይቀንሳል፣ ጉድለት ያለበት ዕቃም በሺህ ከመባዛቱ በፊት ይያዛል።

ፕሬሱ ከተፈታ በኋላ ማነቆው ቦታ መቀየሩ የማይቀር ነው። በመጀመሪያው ምሳሌ ፕሬሱ በሰዓት 45 መጫኑ ቀርቶ 80 ቢጫን፣ መስመሩ የሚያወጣው 80 ሳይሆን 70 ነው፤ ተራው የብየዳው ሆኗልና። ስለዚህ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ አምና የተገኘውን ማነቆ ዘንድሮም እንዳለ አድርጎ መጠበቅ፣ ማለትም ለፕሬሱ ሲባል የወጣውን ደንብ ፕሬሱ ማነቆ መሆኑ ካበቃ በኋላም ማክበር፣ ብዙ ፋብሪካዎች የሚወድቁበት ስሕተት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ እውቀት እንግዳ አይደለም። ካይዘን የተባለው የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ በተመረጡ 30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የተባሉት «አምስቱ ማዎች»ም በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። በሂሮሺማ ቡሎኖቹን በሳጥን ያስቀመጠው አሠራር ከእነዚህ የሁለተኛው ነው። እርግጥ የአገሪቱ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ትልቁ ማነቆ ብዙ ጊዜ ከግቢያቸው ውጭ ይገኛል፤ የላሜራ ጥቅል በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ፣ ጥሬ ዕቃ ሲጠፋ ከማሽኖቹ ማንኛቸውም ማነቆ አይሆኑም፤ ሁሉም እኩል ይቆማሉ። ይህ ግን የፕሬሱን ጉዳይ አያቀለውም። ጥቂት ላሜራ ያለው ፋብሪካ ያችኑ ጥቂት በሙከራ ሳያበላሽ፣ በትዕዛዙ ልክ፣ ዳዩን ቶሎ ቶሎ እየቀየረ መሥራት ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። ተጨማሪ ፕሬስ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የሚጠብቅ ኃላፊም ወረፋው እስኪደርሰው ድረስ አንድ ሳምንት ሰዓት ይዞ ከነባሩ ፕሬስ አጠገብ ይቁም፤ ማሽኑ የቆመበትን እያንዳንዱን ደቂቃ ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ የግዢውንም ጥያቄ ከዚያ በኋላ እንደገና ያንብበው።