ጉርሻና ወናፍ፦ ስለ ተርቦቻርጀር ስያሜ

የመኪና ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት በሁለት በር ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ካንዴላ ከጣሊያንኛ መጥተው በመካኒኩ አንደበት ስለ ለመዱ እነርሱን ለመለወጥ መድከም አያስፈልግም። ኋላ የመጡት ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የጥገና መመሪያ በኩል ስለሚገቡ፣ ቀድሞ የሚገጥማቸው ተርጓሚው ነው። ከእነዚህ አንዱ ተርቦቻርጀር ሲሆን፣ በተለይ በአሮጌ ባለ ካርቡሬተር መኪና ላይ ስለሚጨመርበት ሁኔታ የሚተረጎም ጽሑፍ የስያሜ ጥንቃቄ እንደሚሻ ከዚህ በታች እናሳያለን።

በመጀመሪያ ነገሩን እንመልከት። ሞተር ቤንዚን ለማቃጠል አየር ያስፈልገዋል። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና በኩታበር ወይም በመካነ ሰላም ደጋ ዳገት ሲወጣ ጉልበቱ ይደክማል፤ ካርቡሬተሩ ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቀረም ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቶ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ተርቦቻርጀር ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል አንድ ባለ ክንፍ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያምቃል። ሐሳቡን ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኪ በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዘገበ። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስም በ1918 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ሞተር ላይ የፈተነው 4,300 ሜትር በሚሆነው በፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ ነበር። እንግዲህ መሣሪያው ለደጋ ሰው ባዕድ ጉዳይ አይደለም፤ ተራራ የቀነሰውን አየር የሚመልስ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «ቻርጅ» ከሚለው ቃል ነው። ዛሬ ቻርጀር ሲባል በአንባቢ ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው የስልክና የባትሪ መሙያ ነው፤ ስለሆነም «ተርቦ ኃይል መሙያ» የሚል ትርጉም ያሳስታል። በሞተር ቋንቋ ቻርጅ ማለት ሲሊንደሩ በአንድ ዑደት የሚቀበለው አየር ወይም የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ነው። አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም፤ ጥይት ወደ ጠመንጃ ሲገባ «አጎረሰ» እንላለን። ሲሊንደሩም በየዑደቱ ይጎርሳል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ይተፋል። የጎረሰውን «ጉርሻ» ብንለው ከባትሪው «ሙሌት» ይለያል።

ለመሣሪያው ስም የምናቀርበው «ወናፍ» ነው። ቀጥቃጭ እሳቱ በራሱ የሚስበው አየር ሲያንስ በወናፍ ይጨምርለታል፤ የመሣሪያውም ተግባር ይኸው ነው። ወናፍ በየትንፋሹ ይነፋል፣ ተርቦቻርጀር ግን ሳያቋርጥ ይነፋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ስም በቅርጽ ብቻ ሳይሆን በተግባርም ይወረሳል፤ መነሻው እንፋሎትን የሚያመለክተው «ባቡር» ዛሬ በኤሌክትሪክ ለሚሄደውም ያገለግላል። «የጭስ ወናፍ» ቢባል ጭስ የሚነፋ ስለሚመስል፣ በ«ገበያ መር» አምሳል «ጭስ መር ወናፍ» ማለትን መርጠናል። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚዞረው «ሞተር መር ወናፍ» ይሆናል።

በባለ ካርቡሬተር መኪና ሁለት ዓይነት አገጣጠም አለ። በ1962 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር ካርቡሬተራቸው ከወናፉ በፊት ነበር፤ ወናፉ የሚስበው ቤንዚን የተቀላቀለበትን አየር ነው። ካርቡሬተሩ ከወናፉ በኋላ ሲሆን ግን ወናፉ ንጹሕ አየር ብቻ ይገፋል፤ የቤንዚኑም ፓምፕ ያንን ግፊት አሸንፎ ማድረስ አለበት። ስለዚህ «አየር አማቂ» የሚለው ፍቺ ለሁለተኛው እንጂ ለመጀመሪያው አይበቃም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት በግፊት ላይ የሚፈጸመው ነው። መመሪያው 0.3 ባር ሲል ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ማለቱ ከሆነ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ጠቅላላው 1.05 ባር ያህል፣ ማለት ከባሕር ጠለሉ ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል። ተርጓሚው ጠቅላላ ግፊትን 1.3 ባር ብሎ «ጠቅላላ» የሚለውን ቢዘነጋ ግን፣ አንባቢው ከአካባቢው በላይ በሚለካ መለኪያ ከአራት እጅ በላይ ይጨምራል። ጉርሻው ያለ ጊዜው ይነድዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ሊበሳ ይችላል። አንድ ቅጽል ሞተር ያጠፋል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠቁማለን።

ጉርሻ፦ ሲሊንደር በአንድ ዑደት የሚቀበለው አየር ወይም ድብልቅ።
ጭስ መር ወናፍ፦ በሞተሩ ጭስ ኃይል እየዞረ ጉርሻን የሚያምቅ መሣሪያ።
ሳቢ አገጣጠም፦ ካርቡሬተሩ ከወናፉ በፊት የሚሆንበት።
ገፊ አገጣጠም፦ ካርቡሬተሩ ከወናፉ በኋላ የሚሆንበት።
ትርፍ ግፊት፦ ወናፉ ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ የሚጨምረው።

«ተርቦ» የሚለው ቃል በጋራዥ መነገሩን እንዲተው አንጠይቅም፤ በመዝገበ ቃላት ከጎኑ የሚቆም ፍቺ እንዲኖረው ነው ፍላጎታችን። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላቸው ተርጓሚዎችና ባለሙያዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን በደስታ እንቀበላለን።