ፊልሙ ኤርፖርት ላይ ሲያልቅ

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ኔትወርክን አምኜ አልሄድም። ፊልሙን ቀድሜ ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ፤ «አሜሪካን ግራፊቲ»፣ በፈረንጆቹ 1973 የወጣ። አሮጌ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ የምታዩዋቸው የታዳጊዎች ፊልሞች ብዙ ነገራቸውን የወረሱት ከእሱ ነው።

ፎርሙላውን ታውቁታላችሁ። ሃይስኩል አልቋል ወይ ሊያልቅ ነው። አንድ ሌሊት፣ መኪና፣ ዳንስ። ጉልቤው አለ፣ መነጽር ያደረገው ልጅ አለ፣ ከሩቅ የምትታይ ቆንጆ አለች። ወላጆች ግን ያሉ አይመስሉም። መጨረሻ ላይ አንዱ ይሄዳል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ዝም ማለት አይችልም፤ ነገሩ የወጪ ጉዳይም ነው። ያልታወቀ ወጣት ተዋናይ ብዙ አያስከፍልም፣ መንገድና ትምህርት ቤት ደግሞ ርካሽ የቀረጻ ቦታ ናቸው። ጆርጅ ሉካስ ፊልሙን የሠራው በ777 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን ገቢው ከ100 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። ይህን ያየ ፕሮዲዩሰር ምን ብሎ ፎርሙላ ይቀይራል?

አጠገቤ የተቀመጠች፣ 12ኛን የጨረሰች የምትመስል ልጅ ስክሪኔን ታይ ነበር። አንዱን ኢርፎን ሰጠኋት። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ደርሰናል። ለመሄድ ሲያመነታ የነበረው ከርት ይበራል፤ ሊሄድ የቆረጠው ስቲቭ በፍቅረኛው ምክንያት ይቀራል። ወዳጆቹ ከርትን አውሮፕላኑ ሥር ድረስ ይሸኙታል። እዚህ ሸኚ ከፍተሻው ወዲያ አያልፍም፤ እቅፉም ለቅሶውም ውጪ ነው የሚያልቀው። «ሌዲ በርድ» (2017) በዚህ በኩል ለእኛ ይቀርባል፦ አኩርፋ ከመኪናው ያልወረደችው እናት ተጸጽታ ስትመለስ ልጇ ገብታለች።

ከዚያ ጽሑፍ ይመጣል፤ ጆን ሰክሮ በሚነዳ ሰው ተገጭቶ ሞተ፣ ቴሪ ቬትናም ላይ ደብዛው ጠፋ፣ ስቲቭ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሆነ፣ ከርት ካናዳ የሚኖር ጸሐፊ ነው።

«ሴቶቹስ?» አለችኝ።

የሉም። ሌሊቱን ሙሉ አብረው የዞሩት ሴት ልጆች አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈላቸውም። ስንት ጊዜ አይቼው እኔ አላስተዋልኩም ነበር፤ እውነት ለመናገር አፈርኩ።

ወደ እኛ ፊልም ስመጣ ትዝ ያለኝ «ድፍረት» (2014) ነው። ሂሩት 14 ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ጠላፊዋን ትገድላለች፣ ካሜራው ጠበቃና ፍርድ ቤት ይከተላል። ታሪኩ እውነተኛ ስለሆነ አልከራከርም። ግን ጓደኛ ያላት፣ የምታኮርፍ፣ በፈተና የምትጨነቅ የ17 ዓመት ልጅ፣ በቃ ሌላ መከራ ሳይደርስባት፣ በስንት ፊልማችን አይታችኋል?

ለዚህ አካባቢ የሚቀርበው ደግሞ «ዘ ጉድ ላይ» ነው፤ እሱም 2014። በጦርነቱ ብቻቸውን ተሰደው ስለቀሩ የሱዳን ልጆች ነው። እንደነሱ ያሉ ብዙ ሺህ ልጆች በእግር መጥተው ያረፉት እዚሁ ክልል፣ ፒኙዶ ነበር፤ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ጊሎ ወንዝን እንደገና ተሻግረው ሸሹ። በፊልሙ አሜሪካ ሲደርሱ ኤርፖርት ላይ እህትየው ወደ ቦስተን፣ ወንዶቹ ወደ ካንሳስ ሲቲ ይለያያሉ። የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ወላጅ የሌለውም ለመዝናናት እንዲመች ተብሎ አይደለም። ከርት አውሮፕላን ሲሳፈር ፊልሙ ያልቃል፤ የእነሱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ከእኛ ፊት ለፊት አይ.ኦ.ኤም የሚል ነጭ ቦርሳ የያዘ ቤተሰብ ተቀምጧል። ትንሹ ልጅ ቦርሳውን ከእጁ አያወርድም።

በረራው ተጠራ። ልጅቷ ኢርፎኔን መልሳ ስልክ አነሳች፤ ወንድሟ ነው፣ ውጪ ቆሟል። በአኝዋክኛ ተነጋገሩ፣ ምንም አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ብቻ በአማርኛ «እስክንነሳ እንዳትሄድ» አለችው።