ከጉና ተልባ እስከ ሸራው

ደብረ ታቦር ላይ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብቶ «የዘይት ቀለም» ያለ ሰው በቆርቆሮ የታሸገ የበርና የመስኮት ቀለም ይሰጠዋል። ሻጩ አላጠፋም፤ በከተማው አነጋገር የዘይት ቀለም ማለት ያ ነው። ችግሩ ጀማሪ ሠዓሊ ያንን ቆርቆሮ ይዞ ሸራ ፊት ሲቆም ይመጣል። ቀለሙ ለብረትና ለእንጨት የተሠራ ስለሆነ ወዲያው ይተኛል፣ ብሩሹ የተወውን ጭረትም ያጠፋል። ሠዓሊው ግን የሚፈልገው ያንኑ ጭረት ነው።

የሠዓሊ ቀለም በቱቦ ይመጣል፤ የተፈጨ ቀለምና ዘይት ነው፣ በቃ። ዘይቱ ደግሞ በአብዛኛው ተልባ ነው፤ ያው በጉና ተራራ ዙሪያ ደጋ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው፣ «ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚባልበት ተልባ። ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ የደቡብ ጎንደር ጀማሪ ይህን ጸሐፊ አልገጠመውም። ዘይት ቅብን ከባሕር ማዶ የመጣ ምሥጢር አድርጎ የሚያየው ሰው የእናቱን ማሳ ረስቷል።

ሰዉን ያሳሳተው «ደረቀ» የሚለው ቃል ነው። የታጠበ ልብስ ሲደርቅ ውሃው ይወጣል። የተልባ ዘይት ግን አይተንም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፉና ይጠነክራሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥዕሉ ቢመዘን ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም! ኑግም ይህ ጠባይ አለው፣ ግን ከተልባ ይዘገያል። የፓልም የምግብ ዘይት ጭራሽ አይሆንም፤ በእሱ ቀለም ያላወሰ ሰው ከዓመት በኋላም ጣቱ ይቆሽሻል።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ በተለይ በክረምት ብርድ፣ ሥዕሉ ከአዲስ አበባው ጓደኛው ይልቅ ቢቆይ አይገርምም፤ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ግን ስንፍና ነው። ቡናማው የአፈር ቀለም ቶሎ ይጠነክራል፣ ቲታኒየም ነጩ ይለግማል። ከታች ዘይት የበዛበት፣ ከላይ የቀጠነ ቀለም የደረበ ሰው ሥዕሉ ሲሰነጠቅ ሸራውን አይውቀስ። በዘይት የራሰ ጨርቅም ተጨማድዶ ከተተወ በገዛ ሙቀቱ ሊነድ ይችላል። ይህን ዘርግተው የማያሰጡ ሠዓሊዎች ስንት ናቸው!

ሸራውን በተመለከተ አገሩ አዲስ አይደለም። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። በ1932 እ.ኤ.አ. የኢትኖግራፊ ተመራማሪው የማርሴል ግሪዮል ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ነቅሎ ወደ ፓሪስ ሲወስድ፣ በምትካቸው ጋስቶን-ሉዊ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ግልባጭ ሠርቶ ነው። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በሙጫ ይበጠብጡ ስለነበር ጨርቁ አይጎዳም። የተልባ ዘይት ግን በእርቃን አቡጀዴ ላይ ከተቀባ ውሎ አድሮ ጨርቁን ይበላዋል፤ መጀመሪያ ሙጫ መቀባት አለበት።

ስለ መሻሻል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሦስት ቀለም፣ የሚሣል አንድ ጀበና፣ ብዙ ወራት። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የደረሱም አሉ። ለማ ጉያ አየር ኃይል ውስጥ እያሉ በራሳቸው ጥረት ሥዕል ተምረው በፍየል ሌጦ ላይ ሥለዋል፤ ሥራቸው ቢሾፍቱ ላይ ሙዚየም ሞላ። አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የግል አውደ ርዕያቸውን ካሳዩ በኋላ ተመልሰው አውሮፓ ሄደው መማራቸውን ቀጠሉ።

ለአውደ ርዕይ የሚጣደፍ ጀማሪ አንድ ነገር ይወቅ፤ በስሱ የተቀባ ሥዕል እንኳ ቫርኒሽ ለመቀባት ወራት ይፈልጋል። ይህ ጸሐፊ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለውን የጉናን ሥዕል በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ወደ ባሕር ዳር ወስዶ ነበር። ሲፈታው ሰማዩ ላይ የስፖርት ገጹ በግልባጭ ታትሟል። ሌላ ሥዕል ስላልነበረው ያንኑ ሰቀለው። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉና ስንት ለስንት እንደወጡ ለማንበብ ሲታገሉ ቆዩ።