ደጋግሞ የሚወርድ የመኪና ባትሪ

የመኪና ባትሪ ደጋግሞ የሚወርደው በሦስት ምክንያት ነው፤ የተቀበለውን ኃይል መያዝ ሲያቅተው፣ ዲናሞው በበቂ ሳይሞላው ሲቀር፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲስበው። አዲስ ባትሪ መግዛት የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከጂቡቲ መስመር የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች የጉምሩክ ተራ በሚጠብቁበት፣ ሚኒባሶችም በሰልፍ ቆመው በሚጭኑበት በአቃቂ ቃሊቲ ሦስቱም ያጋጥማሉ። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል፤ ለዚህም ቮልትና አምፔር የሚለካ አንድ ቴስተር ይበቃል።

የዛሬው ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው በመሠረቱ አልራቀም። የእርሳስ ሰሌዳዎች በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ይነከራሉ። እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ ስድስቱ በተርታ ሲያያዙ 12.6 ቮልት ይሆናል። ኃይሉ ሲወጣ በሰሌዳዎቹ ላይ ሊድ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ሲሞላ ይለቃል። ወርዶ ለሳምንታት የቆመ ባትሪ ግን ሰልፌቱ ይጠጥርበታል፤ ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢሞላ የድሮ አቅሙ አይመለስም። መብራት በርቶ አንድ ሌሊት ማደሩ ከሚያደርሰው ጉዳት ወርዶ መሰንበቱ ይብሳል።

ምርመራው በዓይን ይጀምራል። በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነካ ከተወዛወዘ፣ ደህናው ባትሪ የሞተ ይመስላል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈትቶ፣ በቤኪንግ ሶዳና በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ ማጥበቅ ነው፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ከኔጌቲቩ ወደ ሻንሲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እሱም መታየት አለበት።

ቮልቱ የሚለካው መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። 12.6 ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ተሞልቶ፣ ገመዱ ተፈትቶ ያደረ ባትሪ ጠዋት ከ12.4 በታች ከተገኘ፣ ወይም ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከዘቀጠ፣ ጥፋቱ የራሱ የባትሪው ነውና ይለወጥ። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ ውሃው ከሰሌዳዎቹ በታች ከሆነ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። ባትሪን ለማነቃቃት ተብሎ አሲድ መጨመር ጎጂ ልማድ ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ ድብልቁ ይከርርና ሰሌዳውን ይበላል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ተራው የዲናሞው ነው። ሞተሩ ተነስቶ በባትሪው ጫፎች ላይ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ይነበባል። ከ13.5 በታች ከሆነ ቺንጋው ላልቶ፣ የዲናሞው ካርቦን አልቆ ወይም ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ የውሃው ቶሎ ቶሎ ማለቅና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ምልክቶቹ ናቸው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ፣ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው የማለት ዘዴ ግን ሊቆም ይገባዋል። በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት ዲናሞውንም የመኪናውን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችላል። በአጭር በአጭር ርቀት ሞተሩን እያጠፋ፣ በሰልፍ ቆሞም ቴፕ እያጫወተ የሚውል ሚኒባስ ደግሞ ዲናሞው ደህና ቢሆንም የወሰደውን ኃይል መልሶ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም።

ሁለቱም ደህና ሆነው ባትሪው እያደረ ከወረደ ስውሩን ሳቢ መፈለግ ነው። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ ቴስተሩ በባትሪውና በኔጌቲቭ ገመዱ መካከል በአምፔር ይገባል። የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቶሎ የተነበበ ቁጥር ያሳስታል። በዚህ መሀል ሞተር ለማስነሳት መሞከር ቴስተሩን ያበላሻል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ጤነኛ ነው። ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ይቀራል፣ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተውም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ሲነቀል ቁጥሩን ድንገት የጣለው ፊውዝ የጥፋቱን መስመር ያሳያል። መጀመሪያ የሚጠረጠሩት በኋላ የተገጠሙ ዕቃዎች ናቸው፤ አላርም፣ ቴፕ፣ ጂፒኤስ። ፊውዙ ሁሉ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ፣ ባትሪው ተለያይቶ የዲናሞው ወፍራም ገመድ ይፈታና እንደገና ይለካል፤ ዳዮዱ የተበላሸ ዲናሞ ቀን የሞላውን ሌሊት ራሱ ያፈሳልና።

ከባድ መኪኖች የራሳቸው ችግር አላቸው። ብዙዎቹ በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ሁለት ባትሪዎች በተርታ ተያይዘውላቸዋል። ለቴፕ ወይም ለስልክ ቻርጀር ተብሎ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ሲሳብ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይጠፋሉ። መድኃኒቱ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ መግጠም ነው፤ ሲለወጡም ሁለቱ አብረው ይለወጡ። የአፋር ቆላ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለው በቃሊቲ ብርዳማ ጠዋት፣ ሞተሩ በከበደ ጊዜ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ከትልቁ ባትሪ ሌላ አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከወረደ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም።

የወረደ ባትሪ በሌላ መኪና ኃይል ቢነሳም በቻርጀር ቀስ ብሎ መሞላት አለበት፤ ለ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 6 አምፔር ያህል ይበቃል። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ እሳትና ሲጋራ ከአጠገቡ ይራቅ። ያለቀለት ባትሪ አሲዱ መሬት ላይ አይደፋ፣ እርሳሱም በመኖሪያ ግቢ አይቅለጥ፤ የእርሳስ ጢስና ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌው ባትሪ እንዳለ ተዘግቶ ለመልሶ መጠቀም ለሚሰበስቡ ድርጅቶች ይሰጥ።