እሳት ያልነካው እግር ለምን ያብጣል?

ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ «ተቆጣ» እንላለን። እውነትም ቁጣ ነው። ሰውነት ሲጎዳ ቀጫጭን የደም ሥሮቹን ከፍቶ ውኃና ከበሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ጉዳቱ ይልካል። በትንሽ ቃጠሎ ይህ ቁጣ ይጠቅማል። በትልቅ ቃጠሎ ግን ራሱ ጠላት ይሆናል።

ትልቅ ማለት ስንት ነው ትሉ ይሆናል። የተቃጠለው ሰው የገዛ መዳፉ ከነጣቶቹ ከቆዳው 1 በመቶ ያህል ነው። በአዋቂ 20 መዳፍ፣ በሕፃን 10 መዳፍ ያህል ከተቃጠለ ቁጣው በቁስሉ ላይ አይቆምም። የደም ሥሮች በመላው አካል ያፈሳሉ፤ እሳት ያልነካው እግር ሳይቀር ያብጣል። እኛ ታዲያ እብጠቱን አይተን «ውኃ በዝቶበታል፣ አታጠጡት» እንላለን። ስሕተት ነው! የሚያንጠባጥብ እንስራ አስቡ፤ ወለሉ ሲረጥብ እንስራው ይጎድላል። ያበጠው ሰው ደሙ ወፍሯል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ሽንቱም ይቀንሳል።

ለዚህ ነው ሐኪም ቤት ሕዝቡ ጉሉኮስ የሚለውን ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጡት። በተለመደው ስሌት 50 ኪሎ የሚመዝንና 20 በመቶ የተቃጠለ ሰው በ24 ሰዓት 4 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት። ሰዓቱ የሚቆጠረውም ሐኪም ቤት ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ደቂቃ ነው። ማታ ተቃጥሎ ከደቅ ደሴት የንጋት ጀልባ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ከባድ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ልብሱንና ጌጡን ቶሎ አውልቁ፤ የተጣበቀውን ግን አትንቀሉ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ የቀረውን አካሉን አሙቁ። እበት፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ቅቤውም ለወጥ ይሁን። ነቅቶ የሚያወራና የማያስመልሰው ከሆነ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ በየመንገዱ ፉት ይበል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አድርሱት። ፊቱ ተቃጥሎ ድምፁ ከጎረነነ ጉሮሮውም እያበጠ ነውና አንድ ደቂቃ አትቆዩ።

ቁስሉ ሲደርቅም ቁጣው ቶሎ አይበርድም። ሰውነቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የገዛ ሥጋውን ይበላል። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ የጣና ዓሣ አብሉት። ጾም ከገባ የነፍስ አባቱን አነጋግሩ፤ ሕመምተኛን ጹም ብለው አያስገድዱትም።