የማያጨስ ጣቢያ የጭስ ፈቃድ ምን ያደርግለታል?

አገራችን መስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ከፈረመች ወዲህ በየዶርሙ ክርክሩ ደርቷል። አንዱ «ጭስ የለውም፣ ንጹሕ ነው» ይላል፤ ሌላው «መርዝ ነው» ይላል። ሁለቱም ግን አንድ ወረቀት ይዘነጋሉ፤ የአየር ብክለት ፈቃዱን። ይህ ፈቃድ ረጅም የክርክር ታሪክ ያለው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ማብላያው ራሱ በእርግጥ አያጨስም። ግቢው ውስጥ ግን ትልልቅ የናፍጣ ጄኔሬተሮች አሉ። ከውጭ የሚመጣው መብራት ቢጠፋ ማብላያውን የሚያቀዘቅዙትን ፓምፖች የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ በየጊዜው ተነስተው ይፈተሻሉ። ቦይለር ይኖራል፤ ጠብታው ሲደርቅ ብናኝ የሚተው የማቀዝቀዣ ማማም ይኖራል። ከዚህ ሌላ ትሪቲየም፣ ዜኖንና ክሪፕተን የመሳሰሉ ጨረር አመንጪ ነገሮች በትንሽ መጠን እየተለኩ ወደ አየር ይለቀቃሉ።

የሕግ ክርክሩ የተነሳው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ልቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የሚኒሶታ ግዛት ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ለሚሠራው የሞንቲሴሎ ጣቢያ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የፌዴራሉ አቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን ካስቀመጠው እጅግ የጠበቀ የጨረር ገደብ ጻፈበት። ኩባንያው ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1971 ጨረርን መቆጣጠር የፌዴራል መንግሥት ብቻ ሥልጣን ነው ሲል ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1972 አጸናው። ግዛቲቱ ተሸነፈች። ነገር ግን በ1977 ኮንግረስ የንጹሕ አየር ሕጉን ሲያሻሽል ወደ አየር የሚለቀቀውን ጨረር በሚመለከት ግዛቶች የጠበቀ ገደብ እንዲያወጡ በር ከፈተ። በ1990ው ማሻሻያም ይህ መብት ተጠብቋል። ሆኖም ያው ማሻሻያ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ደንብ በቂ ሆኖ ከተገኘ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የራሱን ደንብ መተው ይችላል አለ። ኤጀንሲው በ1995 ለኃይል ማመንጫዎች ያወጣውን የጨረር ደንብ አነሳ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ግዛቱ የራሱ ደንብ ከሌለው፣ በአየር ፈቃዱ ላይ ስለ ጨረር የሚቀርብ ተቃውሞ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። የጨረሩ ክርክር የሚቀርበው ለኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ነው። የአየር ፈቃዱ በር የሚከፈተው ለናፍጣው፣ ለቦይለሩና ለማማው ነው።

እኔን እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚስበኝ የናፍጣው ስሌት ነው። በአብዛኛው ቦታ በዓመት ከማንኛውም ቁጥጥር ያለበት በካይ 100 ቶንና ከዚያ በላይ ሊለቅ የሚችል ጣቢያ ትልቁን ፈቃድ ማውጣት አለበት። «ሊለቅ የሚችል» የሚለው ቃል ከባድ ነው። በዓመት 8,760 ሰዓት አለ፤ የድንገተኛ ጊዜ ጄኔሬተር ግን አብዛኛውን ጊዜ በ500 ሰዓት ይሰላል። ጣቢያው ሰዓቱን ከዚያም በታች በጽሑፍ ከገደበ ከትልቁ ፈቃድ ሊያመልጥ ይችላል። ታዲያ ሰዓቱን ማን ይቆጥራል? ሞተሩ ላይ ቆጣሪ አለ? የነዳጁ መዝገብ ለማን ይቀርባል? «ኒውክሌር አንፈልግም» ከሚል መቶ ፊርማ ይልቅ እነዚህ ጥያቄዎች ፈቃዱን የመነቅነቅ አቅም አላቸው።

ትልቁ ፈቃድ ሲረቀቅ ሕዝብ ቢያንስ 30 ቀን አስተያየት ይሰጣል። ከዚያ ኤጀንሲው 45 ቀን ይመረምራል። ካልተቃወመ ማንኛውም ሰው በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ «ተቃወም» ብሎ አቤቱታ ማስገባት ይችላል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ በአስተያየቱ ጊዜ በግልጽ ያልተነሳ ነጥብ፣ ያኔ ማንሳት የማይቻል ካልነበረ በቀር፣ በአቤቱታው ላይ አይሰማም። ጉድለቱን የማሳየት ሸክምም የአቤቱታ አቅራቢው ነው። ፊቅህ የቀራ ሰው ይህ አይገርመውም። ጎረቤትን በጭስ ስለሚያስቸግር ምድጃ ኪታቦቹ ሲያወሩ፣ በይና የሚጠየቀው አቤት ባዩ ነው። የሚገርመኝ ለአንድ ገበሬ 30 ቀን ምን ያህል አጭር መሆኑ ነው፤ ረቂቁን አግኝቶ፣ አንብቦ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቆ እስኪጽፍ ጊዜው ያልቃል።

እኛ ጋ ማብላያ ገና አልተሠራም። ሕጉ ግን ቀድሞ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ክስ መመሥረት ይችላል፤ ለዚያ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛም ስለታተመ የሕግ ተማሪ ጓደኛ ያላችሁ አብራችሁ አንብቡት።