መውጫ የሌለው ሐይቅ

ቡሹሎ ዳርቻ ላይ ቆሞ ሐዋሳ ሐይቅን የሚመለከት ሰው «ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ፈስሶ የሚሄድበት የለም የሚል ነው። ከሐይቁ የሚወጣ አንድም ወንዝ አይገኝም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበትም ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ብቻ ነው።

ሐዋሳ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንሹን ስፍራ ከያዙት ውስጥ ነው፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ደግሞ ከ20 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሎ አድሮ ጨዋማ ይሆናል፤ ሻላና አብጃታ እንዲህ ናቸው። የሐዋሳ ውሃ ግን ቆሮሶና አምባዛ የሚራቡበት ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው። ምክንያቱ ከሥር ነው፤ ውሃው በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል እየሰረገ ጨውንም ይዞ ይወጣል።

የውሃው ከፍታ የሚወሰነው እንግዲህ ዝናቡና ጥቁር ውሃ በሚያመጡት፣ ፀሐይና መሬት ደግሞ በሚወስዱት ነው። ዝናብ ሲበረታ ትርፉን የሚወስድ ወንዝ ስለሌለ ሐይቁ ወደ ዳር ይገፋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ሞልቶ ከተማዋን አስግቷል፤ ዳርቻው ላይ የአፈር መከላከያ የተሠራውም ለዚሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ እስከ ውሃው አፍ ድረስ መስፋቷ ስጋቱን አብዝቶታል።

የሐይቁን ታሪክ ለማወቅ ግን ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ያለውን ጨለለቃን ማየት ይገባል። ዛሬ ሣርና ደንገል የለበሰ ረግረግ ነው፤ ከብት ይግጥበታል። ከሃምሳ ዓመት በፊት ግን ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነበር። ከወንዶ ገነት ተራራ የሚወርዱት እነ ወሻና ወርቃ የተባሉ ወንዞች ውሃቸውን እዚያ ያሳርፉ፣ ደለላቸውን እዚያ ይጥሉ ነበር፤ ጥቁር ውሃም የሚነሳው ከዚያው ነው። ተራራው ሲመነጠርና ቁልቁለቱ ሲታረስ አፈሩ እየታጠበ ወረደና ያን ሐይቅ ሞላው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አንድ ሐይቅ ጠፋ! የምሥራቁን የሐሮማያ ሐይቅ መድረቅ ያህል ያልተወራለት መሆኑ ያሳዝናል።

ጨለለቃ ሲሞላ ደለሉን የሚያስቀር ቦታም አብሮ ጠበበ። ወደ ዋናው ሐይቅ የሚገባ አፈር ደግሞ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ውሃ የሚይዝበትንም ቦታ ይቀንሰዋል። ዳርቻውን ማጽዳትና መከላከያውን ማጠንከር ተገቢ ቢሆንም ይህን ደለል አያስቆምም። ለሐዋሳ ሐይቅ የሚቆረቆር ሁሉ የቀረውን የጨለለቃ ረግረግ ያስጠብቅ፤ ችግኙንና እርከኑንም ከወንዶ ገነት ቁልቁለት ይጀምር።